የቤቴ ደፍ ድንጋይ

ኅዳር 9

ልጄ፣

ክፍሉ ይሞቃል። ምግብ እበላለሁ። መድኃኒቴንም ሰዓቱን ጠብቄ እወስዳለሁ። የጠየቅሽኝን በተራው መልሼልሻለሁ፤ አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ።

ትናንት አንድ ከእናንተ ከተማ የመጣ ሹፌር ሳሙና ሊገዛ ከባሌ እህት ሱቅ ገባ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ሹራብ እሠራለሁ። ወሬውን ጀመረና፣ «ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው ፎቅ እኮ ስድስተኛው ላይ ደረሰ» አለ።

«የቱ ፎቅ?» አልኩት።

«አሮጌዎቹ ቤቶች የነበሩበት ነዋ፣ እማማ!»

እኔ መጨረሻ የሰማሁት በአጥር የተከለለ ጉድጓድ መሆኑን ነው። ፎቅ እንጉዳይ ነው እንዴ በአንድ ዝናብ የሚበቅለው? ነፍሱን ይማረውና ባሌ አንዲት መስኮት ለመግጠም ክረምትና በጋ የፈጀበት ሰው ነበር። ሹፌሩ የሚቀልድ መስሎኝ ተቆጣሁት፤ የባሌ እህት ደግሞ ደንበኛ አባረርሽብኝ ብላ እኔን ተቆጣችኝ።

እውነት ከሆነ እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ። የሠፈራችን ቤቶች ከመፍረሳቸው በፊት፣ ቢጫ ቆብሽን ደፍተሽ፣ «ባቡሩ ደጃችሁ ይቆማል፣ ቤቱም በአቅማችሁ ይሆናል፣ ሁላችሁም እዚሁ መሬታችሁ ላይ ትመለሳላችሁ» ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ያመንኩሽ ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ በእጄ ስላሳደግኩሽ ነው። ጎረቤቶቼ ያመኑሽ የእኔ ልጅ ስለሆንሽ ነው። ይህን እያስታወስሽ ሥሪ።

እዚህ ማንም አልበደለኝም። ግን እንግዳ ነኝ፤ የምጠቀምበትን ማንኪያ እንኳ አስፈቅጄ ነው የማነሣው። በዚህ ዕድሜዬ እንግድነት አይሆንልኝም። ወደ ቤቴ መመለስ እፈልጋለሁ፤ ከዚህ ሌላ የምመኘው ነገር የለም።

ስልክ አትደውዪልኝ። በስልክ የተነገረ ነገር ተመልሶ አይነበብም።

አክስትሽ


ኅዳር 24

ውድ አክስቴ፣

ሹፌሩ አልዋሸዎትም፤ እንዲያውም አሳንሶ ነው የነገረዎት። ይህን ስጽፍ ከዐሥሩ ፎቅ ስምንተኛው ላይ ነን። እኔ ራሴ ጠዋት ጠዋት ስመጣ ዐይኔን ማመን ያቅተኛል።

ምሥጢሩ ይህ ነው። ክፍሎቹን እኛ አንገነባቸውም። ፋብሪካ ውስጥ ወለሉ፣ ግድግዳው፣ መስኮቱ ከነመስተዋቱ ተሠርቶ ያልቅና በመኪና ይመጣል። ክሬኑ ያነሣዋል፣ ከታችኛው ክፍል ላይ ያስቀምጠዋል፣ ይታሰራል፤ አለቀ። ባለፈው ሳምንት አንዱን ክፍል ስንከፍት የፋብሪካ ሠራተኛ ጥግ ላይ ተኝቶ አገኘን። ከመኪናው ጋር አብሮ ተጭኖ መጥቷል። ፎርማኑ «ጎበዝ፣ አሁንስ ተከራዩን ጭምር መላክ ጀመሩ!» ብሎ ሁላችንንም በሳቅ ገደለን።

ሁለተኛው ነገር፣ ድሮ ቢሆን ሐዲድ የሚዘረጉት ቤት የሚሠሩትን፣ ቤት የሚሠሩት ሐዲድ የሚዘረጉትን ይጠብቁ ነበር። አሁን ሁለቱም በየፊናቸው ይሮጣሉ። ሥራ አስኪያጁ «የሚጠብቅ ሰው ካየሁ እዚያው ቤቱ ሄዶ ይጠብቅ» ብሏል። «ሐዲዶቹ» የምንላቸው የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች እኛን፣ እኛም እነሱን እየሰደብን እንሽቀዳደማለን።

ሰዎቼ ጥሩዎች ናቸው። «ውኃ ልክ» የምንለው ቀያሽ አለን፤ የእያንዳንዱን ነገር ከፍታና ዝቅታ የሚለካው እሱ ነው። እንዴት ያለ ሰው መሰለዎት! የተንጋደደ ሥዕል ካየ ሰው ቤትም ቢሆን ተነሥቶ ያቃናል። ሻይ ሲቀርብለት አስቀድሞ ጠረጴዛው ማዘንበል አለማዘንበሉን ያያል። እርስዎ ቢያዩት ይወዱታል።

የእርስዎ ቤት ምድር ላይ ነው። ሊፍቱ የሚገጠመው በኋላ ስለሆነ፣ ደረጃ የሚከብዳቸውን ሁሉ ምድር ላይ አድርገናል፤ እርስዎን፣ እግሩን የሚያመውን ልብስ ሰፊ፣ መንታ የወለደችውን እንቁላል ነጋዴ፣ ሌሎችም። ከመተላለፊያው ወጥተው አንድም ደረጃ ሳይረግጡ በመሸጋገሪያው ቀጥ ብለው ባቡሩ ውስጥ ይገባሉ። መስኮትዎ ጠዋት ፀሐይ ያገኛል። ቁልፍ የሚሰጠው መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው።

ትንሽ ብቻ ይታገሡኝ።

ልጅዎ


ጥር 18

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ ደብዳቤ ከተባለ። ሰላምታ የለው፣ የጤና ጥያቄ የለው፣ ሁለት መስመር ጥያቄ ብቻ። የታመምሽ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቀጥሎ ጥያቄውን ሳነበው ደግሞ ያበድሽ መሰለኝ። ዐሥር ፎቅ የሚሠራ ሰው የፈረሰ ቤት ደፍ ምን ያደርግለታል?

ቢሆንም ጠይቀሻልና እመልሳለሁ።

አዎ፣ የበሬ ደፍ ድንጋይ ከቦታው ተነሥቷል። ያነሡት አንቺ የላክሻቸው ሁለት ግንበኞች ናቸው፤ ረሳሽው? ከቤቴ ልወጣ ወራት ሲቀረኝ፣ ደፉ ከፍ ብሎብኝ ተደናቅፌ ወድቄ ጉልበቴ አበጠ። አንቺ መጥተሽ አይተሽ «ይህንንማ ዛሬውኑ ዝቅ አስደርግልዎታለሁ» አልሽ። በምሳ ሰዓታቸው መጡ። ድንጋዩን አነሡት፣ ከሥሩ ያለውን ሌላ ድንጋይ አወጡና መልሰው አስቀመጡት። አንድ ትልቅ ደረጃ ያህል ወረደልኝ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ጠራርገው ነው የሄዱት።

በየትኛው ቀን ብለሽ ላሰመርሽበት፣ ቀኑን አላስታውስም። ግን ያ ባለ ሦስት እግር መነጽር ይዞ የሚዞረው ሰውዬ ድንጋዬ ጎን ላይ ቀይ ቀለም ከቀባ በኋላ ነው። ይህን አልረሳም፤ ምክንያቱም ቀለሙን በሳሙና ላጥበው ስል ልጆቹ «ተዪው እማማ፣ የመንግሥት ነው» ብለው ከለከሉኝ። ሲመልሱትም ቀለሙ እንዳይጠፋ እየተጠነቀቁ ነው ያስቀመጡት።

ቤቶቹ ሲፈርሱ ያ ድንጋይ ብቻ በሽቦ ታጥሮ መቅረቱን ጎረቤቶች ነግረውኛል። ለእኔ ማስታወሻ ያስቀራችሁልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ምን እንደሆነ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ጻፊልኝ። እንቅልፍ ነሥተሽኛል።

አክስትሽ


የካቲት 6

ውድ አክስቴ፣

ስለ ዘገየሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ብዕር ባነሣሁ ቁጥር እጄ እምቢ ይለኝ ነበር።

ከቤቱ ወደ ባቡሩ የሚያሻግረው መሸጋገሪያ ከፋብሪካ መጣ። ያን ዕለት ሁሉም ሥራ አቁሞ ሊያይ ወጣ። ክሬኑ አወረደው። በእኛ በኩል ልክ ገባ። በባቡሩ በኩል ግን ከመሳፈሪያው በታች ተንጠልጥሎ ቀረ። ወደ ላይ ቢሉት፣ ወደ ታች ቢሉት፣ አልገናኝ አለ። ቤታችን ከሐዲዱ አንድ ትልቅ ደረጃ ያህል ዝቅ ብሎ ነው የተሠራው። ሐዲዶቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ፊቴን ሲያዩ ተዉት።

ያ ቀይ ቀለም የመነሻ ምልክታችን ነበር። በሠፈሩ ውስጥ የማይነቃነቅ ነገር ተብሎ የተመረጠው የእርስዎ ደፍ ነው። የቤቱ ከፍታ በሙሉ የተለካው ከእሱ ነው። ሐዲዶቹ ደግሞ የለኩት ከአሮጌው ድልድይ ምሰሶ ነው። ምልክቱ ከተቀባ በኋላ ድንጋዩ ወረደ፤ ከድንጋዩ ጋር ሕንፃው በሙሉ ወረደ። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ቆሌዬ ተገፈፈ። ልጆቹን የላክኋቸው እኔ ነኝ። እርስዎ እንዳይወድቁ ብዬ!

መሸጋገሪያውስ ተዳፋት አድርገን እናስተካክለዋለን። ፎርማኑም «በቃ፣ ይህን ያህል ነው?» ብሎ ትንሽ ተነፈስን። ውኃ ልክ ግን ወደ ፍሳሹ ቱቦ ወረደ። ትልቁ ቱቦ በሐዲዱ ጎን የተቀበረ ስለሆነ የእነሱን ከፍታ ነው የያዘው። «የክረምት ጎርፍ ያህል ከላይ ውኃ ልቀቁ» አለን። ከአራተኛ ፎቅ ለቀቅን። ሁላችንም ምድር ቤት ቆመን እናያለን። ውኃው ወደ ቱቦው በመሄድ ፈንታ በእርስዎ ቤት መታጠቢያ ወለል በኩል ጉብ ብሎ ወጣ። ከዚያም በልብስ ሰፊው። ከዚያም በሚቀጥለው። ጫማችንን አርሶ በመተላለፊያው ሄደ።

ይህ ንጹሕ ውኃ ነው። ክረምት ሲገባ የሚወጣው ንጹሕ አይሆንም።

ሥራ አስኪያጁ «እስከ ክረምት ማን ያውቃል? ቁልፉን በቀኑ እንስጥ፤ ከዚያ የውኃ መሳቢያ እንተክላለን» አለ። ውኃ ልክን ከሥራ አግዶታል፤ ከፍታ የእሱ ሥራ ነው ብሎ።

እርስዎ ግን አይጨነቁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለመጠባበቂያ የተያዘ ቤት ነበር፤ በእርስዎ ስም አድርጌዋለሁ። ማንም አያውቅም። ሊፍቱ እስኪገባ እኔ አዝዬ አወጣዎታለሁ። ቃል የገባሁልዎትን አላጎድልም፤ በመጋቢት ቤትዎ ይገባሉ።

ልጅዎ


የካቲት 15

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ስጨርስ «ወይኔ!» አልኩ። የባሌ እህት ሰው የሞተ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። «የሞተ የለም» አልኳት።

ድንጋዩን ይቅርታ አድርጌልሻለሁ። እኔ ለመንኩሽ፣ አንቺ አዘንሽልኝ፣ ልጆቹ ታዘዙ። ከሁላችንም ማንም ክፉ አላሰበም። እንዲህ ያለ ዱብ ዕዳ ከአንድ ያበጠ ጉልበት ይመጣል ብሎ ማን ይገምታል?

ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት፤ ቀዳዳ አለው።

አንደኛ። ሥራ አስኪያጁ «ቁልፉን እንስጥ» ሲል ያለውን ጽፈሻል። አንቺ ያልሽውን አልጻፍሽም። ፎርማኑ የተናገረውን፣ ሐዲዶቹ የሳቁትን ሁሉ ነግረሽኝ የራስሽ አፍ የት ሄደ?

ሁለተኛ። ስለ ውኃ ልክ ከዚህ ቀደም የጻፍሽልኝ እዚህ ሳጥኔ ውስጥ አለ። ሻይ ከመጠጣቱ በፊት ጠረጴዛ የሚለካ ሰው፣ ዐሥር ፎቅ ከመቆሙ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ደግሞ ሳይለካ ቀረ? ይህን ሌላ ሰው ይመን። ደግሞ ያልለካው ለምንድን ነው? መልሱን ታውቂዋለሽ፤ ባታውቂው ኖሮ እንደ እኔ ትገረሚ ነበር። አልተገረምሽም።

ሦስተኛ። ሦስተኛ ፎቅ ያልሽው ቤት። ስታነቢው እንዳትሳሳቺ ጠበቅ አድርጌ ልጻፈው፤ አልገባበትም። ልብስ ሰፊው ወለሉ ላይ የሰው ፍሳሽ እየፈለቀበት፣ እኔ ከላዩ ተቀምጬ ፀሐይ ልሙቅ? እነዚያ መንታዎች ገና በደረታቸው ነው የሚሄዱት፤ ወለል ላይ! ለዚህ ነው ያሳደግኩሽ?

ወደ ቤቴ መመለስ እንደምፈልግ አልደብቅም። ይህን ስጽፍልሽ ራሱ እፈልጋለሁ። ግን ያን ቤት በምሥጢር ሳይሆን በጎረቤቶቼ ፊት ለጎረቤቶቼ መልሺው፤ ማን እንደሚገባበት እነሱ ይወስኑ። ቁልፍ ሳይሰጥም በፊት እውነቱን ይስሙ።

ለእኔ ከመመለስሽ በፊት ግን ወደ ውኃ ልክ ቤት ሂጂ።

አክስትሽ


መጋቢት 2

ውድ አክስቴ፣

ለሦስቱም እመልሳለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ያን ሲል ዝም አልኩ። አልተስማማሁም፣ አልተቃወምኩምም። ዝም ብዬ የእርስዎን ቤት ወደ ላይ ማውጣት ብቻ ነበር የማስበው።

መጻፍ የከበደኝ ሁለተኛው ነው። ውኃ ልክ ጠይቆኝ ነበር። መሠረቱ ሊሞላ የአርማታ መኪኖች ተሰልፈው ሞተራቸው እየጮኸ፣ ወደ እኔ መጣና «ኢንጂነር፣ ከድንጋዩ ስለካና ከድልድዩ ስለካ አይገጥምልኝም። ግማሽ ቀን ይስጡኝ፣ ከሥሩ ልፈትሸው» አለኝ። እኔ ሐዲዶቹ እንዳይቀድሙን ነበር ጭንቀቴ። «ለመጠበቅ ጊዜ የለንም፤ ድንጋዩን ያዝና ቀጥል» አልኩት። ቀጠለ። መሸጋገሪያው ሳይገጥም ቀርቶ ሁሉም ሲደነግጥ፣ እኔ የደነገጥኩት ያች ጠዋት ትዝ ብላኝ ነው። እርስዎ በሩቅ ሆነው በአንድ ንባብ አገኙት፤ ስሕተቱን ሊያጣሩ እዚህ የመጡት መርማሪዎች ገና አልደረሱበትም ነበር።

ቤቱ ሄድኩ። በሩን ከፈተና አየኝ። «ይግቡ ኢንጂነር፣ ደፉን ብቻ ይጠንቀቁ» አለ። መሳቅ ይሁን ማልቀስ ያለብኝ ጠፋኝ።

«ግማሽ ቀን ጠይቀኸኝ ነበር» አልኩት።

«ጠይቄያለሁ።»

«ለምን አልተናገርክም ታዲያ? እየታገድክ?»

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ነዋ» አለኝ። ይኸው ነው። ከዚያ የባሰ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጎረቤቶች ሁሉ ቤታቸውን ሊያዩ ምድር ቤቱ መተላለፊያ ላይ ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን ሳይጨርስ ወጣሁና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ድንጋዩን፣ ውኃውን፣ ግማሽ ቀኑን፣ በእርስዎ ስም ያዞርኩትን ቤት። ጩኸት ሆነ።

«ታዲያ እኛን የላይኞቹን ምን አገባን? ቁልፋችንን ስጡን እንግባ!» አለች አንዷ።

«እኔስ? ስፌት መኪናዬን ተሸክሜ ልዙር?» አለ ልብስ ሰፊው።

ከኋላ አንዱ «ይህ ሁሉ ጉድ በአንዲት አሮጊት ደፍ!» ብሎ ጮኸ።

ልብስ ሰፊው በምርኩዙ ዞረበት። «አሮጊቷን ተዋት! ደፌን ዝቅ አድርጉልኝ አለች እንጂ ፎቁን ዝቅ አድርጉልኝ አላለችም!»

ሰዉ ሳቀ። እኔን እያየ ግን የሳቀ የለም። አንዲት ከልጅነቴ የምታውቀኝ ጎረቤት አጠገቤ መጥታ ፊቴን ትክ ብላ አየችና፣ «እኛ እኮ ያንቺን ቃል ይዘን ነው ቤታችንን የለቀቅነው» ብላኝ ሄደች።

የላይኞቹ በቀኑ ይገባሉ። ምድር ቤቱ ታሽጓል፤ የውኃ መሳቢያ ይተከልበታል እንጂ ሰው አይኖርበትም። የመጠባበቂያውን ቤት ጎረቤቶች ለእንቁላል ነጋዴዋ ሰጧት፤ ሁለት ጎረምሶች ደረጃውን መንታዎቹን ተሸክመው ሊያወጡላት ተስማምተዋል። ሌሎቻችሁ ከሐዲዱ ማዶ የሚሠራውን ሁለተኛውን ሕንፃ ትጠብቃላችሁ። ውኃ ልክ ተመልሷል። እኔ ከኃላፊነት ወርጄ በማዶው ሕንፃ በሌላ መሐንዲስ ሥር እሠራለሁ።

መቼ ያልቃል እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቀን አልነግርዎትም፤ አላውቀውም።

ልጅዎ


መጋቢት 14

ልጄ፣

አልተቆጣሁም ብዬ አልዋሽሽም። ሁለት ቀን ሙሉ በልቤ ስቆጣሽ ሰነበትኩ፤ የባሌ እህት «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» እስክትለኝ ድረስ። ያ ሰው የለመነሽ ግማሽ ቀን ነበር። እኔ ለሹራብ እጅጌ እንኳ፣ አልገጥም ካለኝ፣ ፈትቼ ከዚያ የበለጠ እሰጠዋለሁ። አንቺን እንዲህ አላስተማርኩሽም። ደግሞ «ፎቁ እንዴት ደረሰ? መቼ ያልቃል?» እያልኩ የምጽፍልሽ እኔው ነበርኩ፤ ይህንንም በቁጣዬ መሐል አስታወስኩት።

መናገርሽን ግን ልብ ብዬዋለሁ። ማንም ሳያስገድድሽ በሰው ፊት ወጥተሽ ተናገርሽ። ከዚህ በላይ አላመሰግንሽም፤ አንቺም አትጠብቂ።

በስብሰባው ስላነሡኝ አትሸማቀቂብኝ። አሮጊት መሆኔ እውነት ነው፤ ደፉም የእኔ ነው። ለልብስ ሰፊው ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ማዶው ሕንፃ ሲያልቅ ከእሱ አጠገብ ያለውን ቤት ያዢልኝ፤ እሱ ጎረቤቴ ካልሆነ ማን ይሟገትልኛል?

ለመጋቢት መጨረሻ የአውቶቡስ ቦታ ይዤ ነበር፤ አልነገርኩሽም። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ሰረዝኩት። ትኬት ቆራጩ «ሰው ታሞ ነው?» አለኝ። «ቤት ታሞ ነው» አልኩት። ምን እንዳልኩት ሳይገባው አንገቱን ነቅንቆ አዘነልኝ።

ከዚያ ተመልሼ፣ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እንደታሰሩ አልጋዬ ሥር ያስቀመጥኳቸውን ካርቶኖች ፈታሁ። ሳህኖቼን፣ ብርጭቆዎቼን፣ ማንኪያዎቼን አውጥቼ ማጠብ ያዝኩ። የባሌ እህት በሩ ላይ ቆማ አፏን ከፍታ አየችኝ።

«ምን መሆንሽ ነው? ልትሄጂ አልነበረም እንዴ?»

«ቀርቻለሁ። ቤቴ ገና አልተሠራም።»

«አይዞሽ፣ መቼም ዘንድሮ ሁሉ ነገር ቶሎ ነው፣ ቶሎ ይሠራል።»

«ደኅና ይሥሩት» አልኳት።

ጨርቅ ይዛ መጣችና ሳህኖቼን አንድ በአንድ እያደረቀች፣ ከራሷ ሳህኖች ጎን ትደረድርልኝ ጀመር።

አክስትሽ